የወንዳወቅ የክርስትና ስም

እማማ አልጣሽ እንደሚሉት ወንዳወቅ የሞተው ልጅ ሳይወልድ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከላቀው ጋር በድንበር ተጣላ፤ አንዲት ጊደር እየነዳ ወደ ዓባይ ወረደ፤ በረሃው ውስጥ ንዳድ ያዘውና በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። መርዶውን የጨው ነጋዴዎች አመጡት። ወይራ አምባ ጊዮርጊስ ተዝካሩ ወጣ፤ ድርሻውን ላቀው አረሰው፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ላቀው የእማማ አልጣሽ አያት ነው። ይህን የነገሯቸውም አባታቸው ናቸው።

አባባ ዓለምብርሃን እንደሚሉት ደግሞ ወንዳወቅ ዓባይን በደኅና ተሻግሯል። ጊደር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የነዳው ነፍሰ ጡር ሚስቱ የተቀመጠችባትን በቅሎ ነው። ወለጋ ገብቶ ጫካ መነጠረ፣ በቆሎ ዘራ፣ ሦስት ልጆች አሳደገ፣ ሸምግሎ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። የመጀመሪያ ልጁ የአባባ ዓለምብርሃን አባት ናቸው።

ሁለቱ አዛውንቶች የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ከሆነና እውነቱ ያለው አባባ ዓለምብርሃን ዘንድ ከሆነ፣ ያረጋልና ሜላት አይጋቡም።

በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን ወደ ላይ ይቆጠራል፤ ሰባት ሳይሞላ ዘሩ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኘ፣ እህትና ወንድም ናቸው ይባልና ነገሩ ያበቃል። ያረጋል የእማማ አልጣሽ የልጅ ልጅ ነው፤ ሜላት የአባባ ዓለምብርሃን የልጅ ልጅ ናት። ወንዳወቅ ወልዶ ከሆነ ሁለቱ በአምስት ቤት ይገናኛሉ።

ነገሩ የወጣው በሽምግልናው ቀን ነው። የያረጋል ሽማግሌዎች ቡሬ ድረስ ሄደው፣ አባባ ዓለምብርሃን ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡ ወዲህ በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ተቀምጠው ልጃቸውን ለመኑ። እንደ ወጉ ዘር ይቆጠር ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሦስት ስም ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ለዚች ቀን ነው ሲጠብቁ የኖሩት። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እኛ ዘር የሌለን ሰዎች አይደለንም፣ አያቴ ወንዳወቅ የወይራ አምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። የእማማ አልጣሽ ደብር እዚያ ነውና።

እኔ ናሁሰናይ እባላለሁ። ታሪክ ተምሬ ፍኖተ ሰላም ላይ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ እሠራለሁ፤ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት መጻፍ ነው ሥራዬ። ያረጋል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ ከሁለቱም ወገን ያልተዛመደ፣ ሥራው መዝገብ የሆነ ሰው ይመርምረው ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ስለነበር እስከዚያ መድረስ ነበረበት። ጊዜው ጥር ነው። ሁለት ሳምንት የሚፈጅ መስሎኝ እሺ አልኩ።

የእኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ስለሄደ ሰው የሚያውቀው የለም። ቀጥሎ የድሮ የግብር ደረሰኝ በቆዳ አኮፋዳ ያስቀመጡ አንድ ገበሬ አገኘሁ፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ላቀው ብቻ ነው። ዱርቤቴ ላይ የወይራ አምባን ሰው ሁሉ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ ተብሎ ደግሞ ወደዚያ ሄድኩ። መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበርና በተከፈተ ቀን ሚኒባሱ ውስጥ አምስት ሰው በሦስት ወንበር ተቀምጠን ደረስን። ሽማግሌው ከብት ገበያ ውስጥ ናቸው። ወንዳወቅን በደንብ አውቀዋለሁ አሉኝ፤ ንብ አርቢ ነበር፣ ቀፎ ከሰቀለበት ዛፍ ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ እቤቱ ነው የሞተው። ይኼኛው ወለጋ ሄዶ ያውቃል ወይ ብላቸው ወደ ገበያም አይሄድም ነበር አሉ። ወይራ አምባ ላይ ቢያንስ ሁለት ወንዳወቅ እንደነበረ አውቄ ተመለስኩ። ለዚህ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ነበር።

ቀሪው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ወይራ አምባ ከዋናው መንገድ ወርዶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መጀመሪያ ስሄድ ቄሰ ገበዙ፣ ቄስ ስመኘው፣ ለቀብር ሌላ ደብር ሄደዋል። ሁለተኛ ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ተገኙ። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲቀልዱ ፊታቸው የማይለወጥ ሰው ናቸው። የሽማግሌዎቹን መልእክት ሰምተው፣ በዓመት በዓመት ለሙታን ጸሎት የሚነበበውን የስም መዝገብ አወጡልኝ። ከፊሉ ብራና፣ ከፊሉ ጠርዙ የተበላ ደብተር ነው። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀምጬ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አንድ በአንድ አየሁት። ዐይኔ ደከመ። ወንዳወቅ የሚል የለም። ላቀው የሚልም የለም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ቄሰ ገበዙ አጠገቤ ቁጭ ብለው የምትፈልገው ማንን ነው አሉኝ። ወንዳወቅን አልኳቸው።

«በወንዳወቅነቱ?»

«አዎ አባ።»

«አንተ ልጅ፣ እግዜር ፊት በዓለም ስሙ ሲጠራ የሰማኸው ሰው አለ? እስከ ምጽአት ብትገልጠው እዚህ ወንዳወቅ አታገኝም።» ቀጥለውም «መንግሥት ይህን እንድትረሳ ነው አራት ዓመት ያስተማረህ?» አሉ።

እናቴ የእኔን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፋ ለጸሎት ስትሰጥ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ቢሮ ውስጥ ግን ቅጹ የሚጠይቀው የመዝገብ ስም ነው፤ እኔም ስም ማለት እሱ ብቻ እየመሰለኝ መጥቷል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በእኛ ቢሮ ስም የቤተ ክርስቲያን ሰው ስፈልግ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ግን ቀልደው አልተዉኝም። አገር ጥሎ የሄደ ሰው ደብሩን ካልረሳ አንድ ነገር ይልካል፤ የላከው ነገር ደግሞ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጻፋል አሉ። ወንጌሉን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጥተው ራሳቸው ገለጡት። እኔ አልነካሁትም። ከመጨረሻዎቹ ቅጠሎች በአንዱ ጠርዝ ላይ፣ ጽሕፈቱ ከሌላው ቀጠን ያለ ሦስት መስመር አለ። ቀስ ብለው አነበቡልኝ፤ ገብረ ኢየሱስ፣ የወልደ ሰንበት ወንድም፣ ከሚስቱ ከእህተ ማርያምና ከልጁ ከክንፈሚካኤል ጋር ሆኖ ከዓባይ ማዶ መጋረጃ ለጊዮርጊስ ላከ፤ ስማቸው በጸሎት ይታሰብ።

ወልደ ሰንበት ማን እንደሆነ ለማወቅ በዚያው ቀን እማማ አልጣሽ ቤት ወረድኩ። ምን እንዳገኘሁ ሳልነግራቸው የላቀውን የክርስትና ስም ጠየቅኳቸው። ፈጥነው ወልደ ሰንበት ነው አሉና ለምን እንደጠየቅኩ ሲገባቸው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። የወንዳወቅን የክርስትና ስም አያውቁም፤ ላቀው ግን ከእሱ ሌላ ወንድም አልነበረውም። እንግዲህ ወንዳወቅ በረሃ ውስጥ አልሞተም፤ ወልዷል፤ መጋረጃም ልኳል። ቤታቸው ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አውጥቶ ድርሻውን ሲያርስ ኖሯል።

ይህን በቀስታ ነገርኳቸው። እሳቸው ያኔ አልተወለዱም፤ የእሳቸው ጥፋት አለመሆኑንም ተናገርኩ። እማማ አልጣሽ ግን፣ ይሁን፣ የኛ ወንዳወቅ ወልዶ ይሆናል፤ የዓለምብርሃን አያት ግን እሱ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ አሉኝ። ወንዳወቅ አንድ ብቻ አልነበረም። ደግሞም ዛሬ ዘመድ ነን ያለ ነገ መሬት ይላል። የልጅ ልጃቸው ሠርግ እንዲሆንም ይፈልጋሉ፤ ስጋቱም ምኞቱም ጥርጣሬያቸውን ይደግፍላቸዋል። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነበር። ማስረጃ አልነበረኝም።

ከቄሰ ገበዙ ጋር መከርን። የተገኙትን ስሞች ቡሬ እንዳልናገር አዘዙኝ። በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ወይራ አምባ ይሰብሰቡ፤ አባባ ዓለምብርሃን የአያታቸውን የክርስትና ስም በሰው ፊት ይናገሩ፤ ከዚያ መጽሐፉ ይከፈት። ከገጠመ ዘመድ ናቸው። ካልገጠመ ሌላ ወንዳወቅ ነው። ሽማግሌዎቹም በዚህ ተስማሙ።

መልእክቱን ይዤ ቡሬ ሄድኩ። ቅርብ ነው፤ ግን ያን ሰሞን ቅርብ የሚባል ቦታ አልነበረም። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ፤ ከመናኸሪያው ደግሞ በባጃጅ። ጾሙ ገብቷል፤ ሆዴ ባዶ፣ እግሬም የዛለ ነበር። አባባ ዓለምብርሃን ሻይና ቆሎ አቀረቡልኝ። ሜላት የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ገና አልተዘጋምና ሁለታችን ብቻ ነን። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስሞቹን ብቻ አስቀረሁ።

«ወለጋ ሳለን ጎጃሜዎቹ ይሉን ነበር» አሉ። «እዚህ ስንመጣ ወለጋዎቹ ይሉናል። ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። አንድ ሰው የኛ ነው ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም። የሽምግልናው ቀን ያን ሁሉ የለፈለፍኩት ለዚህ ነው። የልጄን ሠርግ በአፌ አፈረስኩት ማለት ነው?»

ገና አልፈረሰም አልኳቸው።

«ስሙ ከመጽሐፉ ጋር ቢገጥም ምን ይሆናል?»

«የወይራ አምባ ልጅ ነዎት። ሠርጉ ይቀራል።»

«ባይገጥምስ?»

«ሠርጉ ይሆናል።»

ቆሎውን ከእጃቸው ወደ ሳህኑ መለሱት። «የአያቴን የክርስትና ስም ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

እኔ የማውቀው የለም አልኳቸው። እውነት ነበር። ምን እያሰቡ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሳቸውም እንደገባኝ ያውቃሉ። ሻይህ በረደ፣ ጠጣ አሉኝ።

ሜላት መድኃኒት ቤቱን ዘግታ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ዝግ ብላ የምትራመድ፣ የምትለውን ነገር አስቀድማ የምታስብ ልጅ ናት። ያረጋልን ያወቀችው በሥራዋ ነው። እሱ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ማዳበሪያ ሲጭን እጁ ተቆርጦ ሊያሳሽግ መጣ፣ ከዚያ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ለአንድ ወር ያህል ፋሻ ሊገዛ ይመላለስ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከመንደራቸው ከወጡ ወዲህ ለነገ ብላ ያሰበችው ነገር ይኸው አንድ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ያረጋልን እፈልገዋለሁ» አለችኝ ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ። «ይህን አንድ ቦታ ጻፍልኝ። መዝጋቢ አይደለህ?»

ዓርብ ዕለት ያረጋል ራሱ ቢሮዬ መጣ። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ ወጥተን ግድግዳው ጥላ ሥር ቆምን። ከስቷል። ከእማማ አልጣሽ ቤት ጀርባ የሠራው ክፍል ቆርቆሮው ተመትቶ ጭቃው ብቻ ቀርቶታል።

«መጽሐፉን አይጥ በልቶታል በል» አለኝ።

«ቄሰ ገበዙ አይተውታል።»

«እሳቸው ሠርግ ይወዳሉ፤ አይጨክኑም። ችግሩ አንተ ነህ። ድሮም ፈተና ላይ ወረቀትህን አታሳይም ነበር።»

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከመቶ ዓመት በፊት በቅሎ ለነዳ፣ መልኩን ለማናውቀው ሰው ሲባል ሠርጌ ይቀራል ወይ ብሎ እጁን አወናጨፈ። በእኛ ቅጽ ላይ አምስት ቤት፣ ሰባት ቤት የሚል ጥያቄ እንደሌለ፣ ሁለቱ መጥተው ቢፈርሙ ጋብቻቸውን እንደምመዘግብ ነገርኩት። ይህም እውነት ነበርና መናገር ነበረብኝ። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ዘመድ መሆናቸው በደብሩ ፊት ከታወቀ በኋላ እንዲህ ቢያደርግ እማማ በቁሙ ለቅሶ እንደሚቀመጡበት፣ ሜላትም እንደማትፈርም ያውቃል። ቀድሞ ጠይቋት ነበር። አባባ ዓለምብርሃን ግን ቀና ሰው ናቸው፣ ስሙን ዘንግተውት ይሆናል አለኝ በመጨረሻ፤ ይህን ሲል ዐይኔን አላየኝም። እኔም ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች ተመለስኩ። የዚያን ዕለት የጻፍኳቸውን ስሞች አንዱንም አላስታውስም።

እሑድ ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ ከቅጽሩ ውስጥ ወይራው ሥር ተቀመጥን። እማማ አልጣሽ በዘንጋቸው ተደግፈው ድንጋይ ላይ፣ ያረጋል ከኋላቸው ቆሞ። አራት ሽማግሌዎች። አባባ ዓለምብርሃን ከዋናው መንገድ ያን ሁሉ በእግራቸው ወርደው ነው የመጡት፤ በቅሎ ቢፈለግላቸው እምቢ ብለዋል። ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ተሳልመው ብዙ ቆዩ። ሜላት ነጠላዋን አጣፍታ ከጎናቸው ተቀመጠች። ቄሰ ገበዙ የተጠቀለለውን ወንጌል ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

ሁሉም ነገር በሥርዓት ተነገረ። እኔ ያገኘሁትንና ያላገኘሁትን፣ የዱርቤቴውን ሰው ወሬ ጭምር፣ ከስሞቹ በቀር አንዱን ሳልደብቅ አቀረብኩ። እማማ አልጣሽ የላቀውን የክርስትና ስም በራሳቸው አፍ ደገሙት። ይህን ማለት ምን እንደሚያስከትል እያወቁ ማለታቸውን ሽማግሌዎቹ አመሰገኑላቸው። እሳቸው ግን ምስጋናውን የሰሙት አይመስሉም ነበር።

ቄሰ ገበዙ ወደ አባባ ዓለምብርሃን ዞረው የአያትዎ የክርስትና ስም ማን ነው ሲሉ ጠየቁ።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ፣ ከዚያ ቅጽሩ ውስጥ ያሉትን መቃብሮች አዩ። ከዚያ ያረጋልን አዩት፤ ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ልጃቸውን የሚሰጡት ሰው መሆኑን እንደሚያረጋግጡ ዓይነት። የተማረው ቃል እንደጠፋበት ተማሪ በዝግታ ጀመሩ።

«የአያቴ ስም... ወልደ...»

«ቆዩ አባባ» አለች ሜላት።

እጃቸውን ይዛ ወደ መቀመጫቸው መለሰቻቸው። እሳቸውም እንቢ አላሉም። ተይ ልጄ አሉ፤ ከእኔና ከእሷ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም። ሜላት ቀና ብላ ቆመችና ለቄሰ ገበዙ ነገሩን አስረዳች። ወለጋ ሳሉ፣ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ለሙታን ጸሎት የሚሰጠውን የስም ዝርዝር አያቷ እየነገሯት የምትጽፈው እሷ ነበረች። ቡሬ ከመጡ በኋላም ሁለት ጊዜ ጽፋለች። አባባ ልጅ የጻፈውን የሚረሳ ይመስላቸዋል እንጂ እሷ አንዱንም አልረሳችም።

«መጀመሪያ የምጽፈው ገብረ ኢየሱስን ነው» አለች። «ቀጥሎ እህተ ማርያምን። ከዚያ ክንፈሚካኤልን።»

ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ሊከፍቱት ጨርቁን ይዘው ነበር፤ ተዉት። እኔን ሲያዩኝ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ አምስት ላይ ቆመ። እማማ አልጣሽ በዘንጋቸው ተመርኩዘው ተነሡ፤ ሦስት እርምጃ ሄደው አባባ ዓለምብርሃን ፊት ደርሰው እዚያው ቆሙ። ያረጋል የሜላትን ስም ጠራ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እሷም ዞራ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሽማግሌዎቹ መልሳ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«አባባ የወይራ አምባ ሰው ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከእናንተ ጋር ይቆጠሩልኝ። እኔ ያረጋልን አላገባም።»